ዳኛ እስኪመጣ የቆመው ንጉሥ

አንድ ንጉሥ ነበረ። ክፉ አልነበረም፤ ጻድቅም አልነበረም። እንደ ብዙዎቻችን ሲመቸው ደግ፣ ሲቸኩል ደግሞ ኃይለኛ ነበረ።

በዚያ ንጉሥ አገር ከአባት ከአያት የመጣ ሕግ ነበረ። ደሃም ይሁን ጌታ፣ በደል ሊደርስበት ሲል «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሌላውን ካስቆመ፣ የተጠራው ሰው ዳኛ እስኪያየው ድረስ ከቆመበት አይነቃነቅም። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና መንገድ የሚያመጣውን የመጀመሪያ ሰው ይጠብቃሉ። ያ መንገደኛ ወደደም ጠላም ተቀምጦ ይፈርዳል። «በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» ይሉ ነበር። ውሃው ሲቆም በዓይኔ አየሁ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ የምነግራችሁ ከውሃው የከበደ ነገር ስለቆመበት ቀን ነው።

በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ንጉሡን መልእክት ደረሰው። እናቱ ታመዋል። «ነፍሴ ከንፈሬ ላይ ናት፤ ልጄን አይቼ፣ መርቄው ልሙት» ብለዋል። ንጉሡ ቁርሱን ጥሎ ተነሣ። ሦስት መቶ ፈረሰኛም ተከተለው፤ ንጉሥ ያለ ጦር አይንቀሳቀስማ!

ሲጋልቡ አርፍደው አንዲት የገደል አፋፍ መንደር ደረሱ። ከዚያች መንደር ወደ እናቱ ቤት ሁለት መንገድ አለ። ዋናው መንገድ ገደሉን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ በፈረስም ቢሆን እስከ ማታ ይፈጃል። ሁለተኛው በአንድ የጤፍ ማሳ መሐል ማቋረጥ ነው። በዚያ ያለፈ ሰው ለምሳ ይደርሳል።

ማሳው የአንጓች ነበር። አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ከዚያች ማሳ ሌላ መሬት የላትም፤ የእሷም የልጆቿም የዓመት ቀለብ እሱ ነው። ጤፉ ደርሶ ወርቅ መስሏል፤ ለአጨዳ ሁለት ቀን ቢቀረው ነው። ሦስት መቶ ፈረስ ካለፈበት ግን ለዶሮ የሚበቃ እንኳ አይተርፍም።

ፊታውራሪው፣ የጦሩ አዛዥ ማለት ነው፣ ማሳውን አየና «በዚህ! በዚህ!» ብሎ ጮኸ። የንጉሡ ፈረስ ወደ ጤፉ ዞረ። ያን ጊዜ አንጓች ከማሳው ጥግ አውድማዋን በእበት ስትለቀልቅ ነበር። ብድግ አለች። እጇን እንኳ ሳትጠርግ ከፈረሱ ፊት ቆመች።

«በሕግ አምላክ!» አለች።

ድምጿ ትልቅ አልነበረም። ግን ሁሉም ሰማው።

«አንቺ ሴት!» አለ ፊታውራሪው፤ «ማንን እንዳስቆምሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰው መሰለኝ ጌታዬ። ሰው ከሆነ ይቆማል።»

«ንጉሥ ናቸው እኮ!»

«ታዲያ ይህን ሕግ የሚጠብቁልን እሳቸው አይደሉ እንዴ?»

ፊታውራሪው እጁን ወደ ጎራዴው ሰደደ። ንጉሡ ሴትዮዋን አየ፣ ጤፉን አየ፣ ከጤፉ ባሻገር እናቱ ያሉበትን ኮረብታ አየ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ብሆን አልፍ ነበር። የእናት ነገር ነዋ! ንጉሡ ግን ልጓሙን ሳበ። ከፈረሱ ወረደ። የካባውን ጫፍ አንሥቶ ለአንጓች ሰጣት።

«ቋጥሪ» አላት።

በእበት እጇ የንጉሡን ካባ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። 

በጦሩ መሐል የአገሪቱ ትልቅ ዳኛ ነበሩ፤ አፈ ንጉሡ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ፊት ብቅ አሉ።

«ጃንሆይ፣ ዳኛ ፍለጋ ምን አስቸገረን? እኔ አለሁ አይደል! አሁኑኑ አይቼ እጨርሰዋለሁ።»

አንጓች እጅ ነሣች። «አይቆጡኝ ጌታዬ፤ እንጀራዎን የሚበሉት ከማን ነው?»

«ከጃንሆይ ነዋ!»

«እንግዲያስ ይቅርብዎ። ቢፈርዱብኝ ይግባኝ የምለው ለማን ነው? ለተከሳሼ?»

ከኋላ ካሉት ወታደሮች አንዱ ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ። አፈ ንጉሡ ፊታቸው ቀላ። ንጉሡ ግን አልተቆጣም።

«እውነቷን ነው» አለ። «እኔ ያመጣሁት ዳኛ የእኔው ዳኛ ነው። መንገድ የሚያመጣውን እንጠብቃለን።»

ፊታውራሪው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ጃንሆይ፣ እናትዎ እኮ ናቸው! ለሴትዮዋ እንንገራትና ትልቀቅዎ» አለው። ንጉሡ «ዝም በል» አለ። «ክርክሬን የምናገረው ለዳኛ ነው። ከፍርድ በፊት እንባዬን አሳይቼ እንድትለቀኝ ላድርጋት?» ከዚያ በእግሩ ፈጣን የሆነ አንድ ሯጭ ጠርቶ «ሂድ፤ በሕግ ተይዤ ነው በላቸው» ብሎ ወደ እናቱ ላከው። ሯጩ አንድ ሰው ብቻ በሚያስኬደው የማሳው ድንበር ላይ እየዘለለ ከዓይን ተሰወረ።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ቀትር ሆነ። መንገዱ እንደሆነ ባዶ ነው፤ ኅዳር ሁሉም ሰው በየእርሻው ነው ያለው። ንጉሡ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ጥላ የሚይዘው ሎሌ ጥላውን ሲዘረጋ፣ አብራው ለቆመችውም ካልደረሰ ይታጠፍ ብሎ አሳጠፈው። የመንደሩ ሰው ነገሩን ሰምቶ ማጭዱን እየጣለ መጣ። አፋፉ በሰው ሞላ።  ሁሉም የሚያየው ያችን ቋጠሮ ነው። አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሳላይ ሞቼ ቢሆን ኖሮ!» አሉና እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ። 

ፀሐይ ዘንበል ስትል አንድ ሰው አራት አህያ እየነዳ ብቅ አለ። ገብረየስ የሚባል ጨው ነጋዴ ነው። ያን ሁሉ ጦር ሲያይ አህዮቹን መልሶ ሊሸሽ ነበር። «ዳኛ! ዳኛ!» ብለው ይዘው አመጡት።

«ኧረ በፈጠራችሁ! እኔ ጨው ነው የምነግደው፣ ፍርድ የት አውቄ!»

አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ንጉሡ ልብሱን አደግድጎ ፊቱ ቆመ። ገብረየስ ማን እንደሆነ ሲያውቅ ደንግጦ ብድግ አለ።

«ጃንሆይ! እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ምድር ትዋጠኝ!»

«አሁን ተከሳሽ ነኝ» አለ ንጉሡ። «እርስዎ ዳኛዬ ነዎት። ይቀመጡና ይጠይቁን።»

ንጉሡ ለጨው ነጋዴ «እርስዎ» ሲል አፈ ንጉሡ አንገታቸውን ደፉ። ገብረየስ ተቀመጠ። በመጀመሪያ አንጓችን ጠየቃት። እሷም ማሳው የዓመት ቀለቧ መሆኑን፣ ሌላም እንደሌላት ተናገረች። ቀጥሎ ንጉሡን ጠየቀው።

«እናቴ እየሞቱ ነው» አለ ንጉሡ። «በዋናው መንገድ ብዞር አልደርስባቸውም። ምርቃታቸው እንዳያመልጠኝ ነው በማሳዋ ላቋርጥ ያሰብሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አንጓች ሁለት እጇን በራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ወይኔ! ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ! ለእናትማ ከሆነ ይለፉ! ይርገጡት! በፈቃዴ ነው፣ ይርገጡት!»

«ይኸው ፈቀደች!» ብሎ ፊታውራሪው ወደ ፈረሱ ዘለለ።

«ቁም!» አለ ንጉሡ። ወደ ገብረየስም ዞረ። «ዳኛ፣ ሦስት መቶ ጦር ከቧት የሰጠችኝ ፈቃድ ፈቃድ ይባላል? ከልቧ ይሁን ከፍርሃቷ በምን አውቃለሁ? ፍርድዎን ነው የምፈልገው።»

ገብረየስ ራሱን አከከ። ሰማዩን አየ፣ አህዮቹን አየ። ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«እሜቴ፣ ጤፉ ቢረገጥ ልጆችሽ እስከ መጪው ኅዳር ምን ይበላሉ?»

አንጓች መሬት መሬት አየች።

«እንግዲያስ» አለ ገብረየስ፤ «ማሳው ለፈረስ መንገድ አይሆንም። ጦሩ በመጣበት ዞሮ ይሂድ። ድንበሩ ግን የመንገደኛ ሁሉ ነው። ንጉሥ ከነጦሩ አያልፍበትም፤ ልጅ ወደ እናቱ ሲሄድ ግን በእግሩ ያልፍበታል። ፈርጃለሁ።»

ይህን ብሎ ከድንጋዩ ተነሣ። 

ንጉሡ ለዳኛው እጅ ነሣ። አንጓች ቋጠሮውን ልትፈታ ብትታገል አልፈታ አላት። ንጉሡ ካባውን ከትከሻው አውልቆ ከነቋጠሮው ተወላት። ፊታውራሪው «ብቻዎን ጃንሆይ? ያለ አጃቢ?» ቢለው፣ «የምሄደው እናቴ ዘንድ ነው፤ ጦር ምን ያደርግልኛል?» አለና በድንበሩ ላይ ሮጠ። ካባ የለው፣ ፈረስ የለው፣ ዘበኛ የለው። ጤፉ ግራና ቀኝ ጉልበቱን እየነካው ሮጠ። አንዲት ዘለላ እንኳ አልሰበረም። አፋፉ ላይ የቆመው ሕዝብ ማንም ሳያዘው ሁሉም ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። ዘውድ ጭኖ ሲያልፍ እንደዚያ የሰገደለት ሰው አልነበረም።

የእናቱ ግቢ ሲደርስ ከብቱ እየገባ ነበር። ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲያስታምሙ የነበሩ አንዲት መነኩሲት ወጥተው አጠገቡ ቆሙ።

«አልደረስሁም» አላቸው። «ሳይመርቁኝ ሄዱ።»

«ማን አለ?» አሉ መነኩሲቱ። «ሯጩ እኮ በቀትር ደርሶ ነበር ጃንሆይ። እመቤቴ 'ልጄ የት ደረሰ?' አሉት። 'አንዲት ሴት በሕግ አምላክ ብላ አስቁማቸው ነው' አላቸው። ከትራሳቸው ቀና አሉ። 'ማን ናት? የየትኛው ጌታ ወገን ናት?' አሉ። 'ማንም የላትም፤ ደሃ ናት' አላቸው። 'ቆመ?' አሉ። 'ቆመዋል' አላቸው። 'ሦስት መቶ ፈረስ ይዞ፣ እኔ እየሞትሁ፣ ቆመ?' አሉት። 'ካባቸው ከነጠላዋ ጋር ተቋጥሮ ቆመዋል' አላቸው። ያን ጊዜ እመቤቴ አለቀሱ። እኛ የሐዘን መስሎን ነበር። 'ዘውድ የጫነ ዕለት አገር ሁሉ እልል ሲል እኔ እልል አላልሁም' አሉን። 'ከእንግዲህ ይህን ልጅ ማን ያቆመዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ገና ነገሠልኝ። ምርቃቴ ይድረሰው። በሉ እልል በሉ!' አሉ። እኛም በአልጋቸው ዙሪያ ቆመን እልል አልን። ያረፉት በእልልታው መሐል ነው።»

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ መንግሥት ምንድን ነው ብላችሁ የተማረ ሰው ብትጠይቁ ብዙ ይነግራችኋል። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝሁት ትንሽ ነው። ሕግ መጻፉ ጥሩ ነው፤ ነፍስ የሚዘራው ግን መርገጥ የሚችል ሰው እግሩን የመለሰ ዕለት ነው። ጌታው ራሱ የመረጠው ዳኛ፣ ዳኛ አይደለም። የታጠቀ ሰው ፊት የተሰጠ «እሺ»ም እሺ አይደለም። ባለሥልጣን የሚከበረው ሌላውን ስላስቆመ ሳይሆን፣ ደሃ ሲያስቆመው ስለሚቆም ነው።

ነገሩ የነገሥታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማኅተም በመሳቢያው የያዘም፣ በቤቱ «ያልሁት ይሁን» የሚል አባወራም፣ ሁላችንም ከአንድ ደካማ ሰው ማሳ ዳር ፈረስ ላይ የተቀመጥንበት ቀን አለ። ችኮላችንም እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የንጉሡም እውነተኛ ነበረ። እርስዎስ? እጇ እበት የነካ አንዲት ሴት ነገ ከፈረስዎ ፊት ቆማ «በሕግ አምላክ!» ብትልዎ፣ ልጓሙን ይስባሉ?