ያልተቆረጠው ጨርቅ

አንድ ሰይጂሮ የሚባል ወጣት ከረጢት ሰፊ፣ በጃፓን አገር፣ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። የከተማዋ ስም በሌላ ነገር አይነሳም። የምትታወቀው የሰይጂሮ እናት ቶሴ በሚሰፏት ከረጢት ነበር። ቶሴ ሙያውን ከእናታቸው፣ እናታቸውም ከእናታቸው ተምረውታል።

ከረጢቷ ለዐይን ምንም የላትም። ርዝመቱ የወርዱን ሦስት እጥፍ የሚሆን አንድ ጨርቅ ይወሰዳል። ከአንዱ ጫፍ ሲሶው ወዲህ፣ ከሌላው ጫፍ ሲሶው ወዲያ ይታጠፍና ሁለት ቦታ ብቻ ይሰፋል። አለቀ። መቀስ የሚባል ነገር አይነካውም፤ ሸማኔው እንዳስረከበው ጠርዙ ሙሉ ነው። ከላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ የቆሙ ሁለት ጫፎች ይቀራሉ፣ እነሱን ማሰር ነው። ዓሣ ሲከቱባት ዓሣ ትመስላለች፣ ማሰሮ ሲከቱባት ማሰሮ። ባዶ ስትሆን ደግሞ ታጥፋ እጅጌ ውስጥ ትገባለች። ይህን ያህል ጥቂት ተሠርቶባት ይህን ያህል ብዙ የምትሠራ ነገር መቼም ደስ ትላለች!

ቶሴ ሁለቱንም ቦታ በአንድ ክር ሰፍተው ሲጨርሱ የሚያስሩት በአንዲት ቋጠሮ ብቻ ነበር። ያቺን ቋጠሮ በጥሶ ክሩን ሳብ ላደረገ ሰው ስፌቱ በሙሉ ይለቃል፤ ከረጢቷም ተመልሳ ጨርቅ ትሆናለች። ሰይጂሮን የሚያበግነው አንዱ ነገር ይኸው ነበር። «ማንም የሚፈታው ስፌት ምኑ ስፌት ነው?» ይል ነበር።

ሌላው የሚያበግነው ነገር ቃሉ ነው። በጃፓንኛ ከረጢት «ፉኩሮ» ይባላል። በአክብሮት ሲጠራ «ኦ» ይጨመርበትና «ኦፉኩሮ» ይሆናል። የሚገርመው፣ በዚያ አገር ወንድ ልጅ አድጎ ጢም ሲያወጣ እናቱን በፍቅር የሚጠራትም በዚሁ ቃል ነው፤ «የተከበርሽው ከረጢት» እንደማለት። በሌላ ቤት ይህ ማንንም አያስቅም። ከረጢት በሚሸጥበት ቤት ግን ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ «ኦፉኩሮ አለ?» ባለ ቁጥር የሰፈር ልጆች ይንጫጫሉ። «የትኛዋ? የምትሸጠዋ ናት ወይስ የሰይጂሮ እናት?» እያሉ በሣቅ ይፈርሳሉ። ሰይጂሮ በልጅነቱ በዚህ ቀልድ ሰበብ ስንቴ ተደባድቧል። ካደገ በኋላም ቃሉ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እናቱን «እናቴ» እያለ፣ አንቱ እያለ፣ ለእንግዳ በሚሰጥ አክብሮት ነበር የሚያነጋግራቸው። ቶሴ ቅር ይላቸው እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ከጊዜ በኋላ የቶሴ ዐይን እየደከመ መጣ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ልጃቸውን ጠርተው ቤቱን የሚረከብበት ጊዜ መድረሱን ነገሩት።

«እረከባለሁ፣ እናቴ» አለ ሰይጂሮ። «ግን ይችን ጆሮዋን የቀሰረች ከረጢት እየሰፋሁ አላረጅም። የራሴን ሠርቻለሁ። እስኪ ይመልከቱልኝ።»

ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ቦርሳ አወጣ። ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ ክዳን ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም። ውስጡ ኪስ በኪስ ነው። ለማራገቢያ የተሠራ ኪስ አለው፤ ለማበጠሪያ፣ ለሻይ ቅጠል፣ ለመድኃኒት ብልቃጥም እንደዚሁ። ሁሉም በልካቸው ተቆርጠው፣ ስፌቱ ተደራርቦ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ ዝሆን ቢጎትተው የሚለቅ አይመስልም። ቶሴ በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱት።

«እጅህ ከእጄ ይበልጣል» አሉ። ከልባቸው ነበር።

ሰይጂሮ ልቡ ቅቤ ጠጣ። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚሰፋው ይህ ብቻ ይሁን። የድሮዋ ትቅር።»

ያቺን ከረጢት በከተማው የሚሰፋ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚህ ቤት ከቀረች ከእናት ወደ ልጅ ስትተላለፍ የኖረችው እጅ እዚያው ላይ ትቆማለች። ቶሴ ይህን ለመናገር አፋቸውን ከፈት አደረጉና ተዉት።

«ቦርሳህን ያዝና ተራራውን ተሻግረህ አክስትህን ጠይቃት» አሉት በመጨረሻ። «ስትመለስ የቷ እንደምትሻል አንተው ትነግረኛለህ። ያልከው ይሆናል።»

ፍርዱ ለራሱ ስለተተወለት ሰይጂሮ ከወዲሁ ያሸነፈ መሰለው። ሊወጣ ሲል እናቱ አንዲት የታጠፈች ከረጢት ዘረጉለት። «ይህችንም ያዛት፤ አትከብድህም።» ለእሷ የተሠራ ኪስ አልነበረም። እያጉረመረመ ከክዳኑ ሥር ሸጎጣት።

መንገዱ ቀና። አክስቱ ቤት ሲደርስ ቦርሳውን በሰፊው ከፈተና ሻይ ቅጠሉን ከኪሱ፣ መድኃኒቱን ከኪሱ፣ ማራገቢያዋን ከኪሷ እያወጣ ደረደረላቸው። አክስቱ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። ጎረቤትም «ወይ ጉድ!» እያለ ኪሶቹን በየተራ ከፍቶ አየ። ሰይጂሮ የዚያን ዕለት እራት እንኳ ትዝ አላለውም።

ነገር የተበላሸው ሊመለስ ሲነሳ ነው። አክስቱ ከጓሯቸው አንድ ትልቅ ዱባ ቆርጠው መጡ።

«ይኸን ለእህቴ አድርስልኝ» አሉት። «መንገድ ላይ እንዳትሰጠው ደግሞ፤ ደግነትህን አውቀዋለሁ።»

ዱባ ከማበጠሪያ ኪስ አይገባም። ከመድኃኒት ኪስም አይገባም። ኪሶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፣ ቦርሳው ግን ቦታ የለውም። ሰይጂሮ ዱባውን ወዲህ ሲያዞረው፣ ወዲያ ሲያዞረው አክስቱ ከክዳኑ ሥር ብቅ ያለችውን ጨርቅ አዩና መዘዟት። «ምን ያስጨንቅሃል? ይቺ አለችህ አይደል!» ዱባው ገባ፤ ጆሮዎቿ ታሰሩ። ከረጢቷም ዱባ አክላ፣ ዱባ መስላ ቁጭ አለች።

እንግዲህ አንድ ያማረ ቦርሳ የያዘ ጎበዝ፣ በሌላ እጁ ዱባ አንጠልጥሎ ከተማ ለከተማ ሲሄድ ሰው ምን ይላል? ሰይጂሮ በእፍረት ዱባውን ከደረቱ አስጠግቶ ከሣር ከተሠራው የዝናብ ካባው ሥር ደበቀው። ቦርሳውን ግን ሰው እንዲያየው ከካባው በላይ በጀርባው አዘለው። ሆዱ ገፍቶ፣ ለመውለድ የተቃረበች ሴት መስሎ ተራራውን መውጣት ጀመረ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ እስኪያባራ በመንገደኞች ማረፊያ ቤት ሊጠለል በሩን ሲከፍት አንድ ጨው ነጋዴ ከላይ እስከ ታች በስብሶ መሐል ቤት ቆሟል። ሚስቱ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ታቃስታለች። ምጧ ቀኑን ሳይጠብቅ መንገድ ላይ መጥቶባት ነው። የቤቱ ጠባቂ እማማ ኦሪን እጅጌያቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተንበርክከዋል።

«አንተ ልጅ፣ በሩን ዝጋው! ያዘልከውንም ወዲህ በል» አሉት።

ሰይጂሮ ቦርሳውን ሰጠ። እማማ ኦሪን ከፈቱት፣ ኪሶቹን አዩ፣ መልሰው ዘጉትና ከሴትዮዋ ራስ ሥር አደረጉት። ለትራስነት አላነሰም።

ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ድምፅ ተሰማ። ሴት ልጅ ናት። ያለጊዜዋ የመጣች፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ገና ከመወለዷ በብርድ ከንፈሯ መጥቆር የጀመረ።

«ደረቅ ጨርቅ!» አሉ እማማ ኦሪን። «የኔው ሁሉ ታጥቦ ደጅ ተሰጥቶ ዝናብ በላው። ደረቅ ጨርቅ ያለው ሰው የለም?»

ጨው ነጋዴው ልብሱን ጨመቀው፤ ውሃ ወረደ። የሰይጂሮም ልብስ በእጅጌውና በጫፉ በገባ ውሃና ጭቃ ተበላሽቷል፤ ቦርሳውን ተመለከተ። ውጪው በስብሷል፤ ውስጡ ደግሞ ኪስ ነው። ቀዶ ቢያወጣውስ? ለማራገቢያ የተቆረጠ ቁራጭ፣ ለማበጠሪያ የተቆረጠ ቁራጭ፣ ከአንዱም ላይ ሰው የሚጠቀልል ጨርቅ አይገኝም። በሕይወቱ የሠራው ትልቅ ነገር ከፊቱ ነበር፤ ለዚያች ልጅ ግን ምንም አልነበረውም።

ያኔ ነው ደረቱ ላይ የታቀፈው ዱባ ትዝ ያለው።

ካባውን ገለጠ። በእፍረት የደበቃት ከረጢት ከሥሩ ደረቅ ናት፤ እንዲያውም ከገላው ሙቀት የተነሳ ትሞቃለች። ጆሮዎቿን ፈታ፣ ዱባው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያም ስፌቷን በጣቱ ዳሰሰና ያቺን አንዲት ቋጠሮ አገኛት። በጥርሱ በጠሳት። ክሩን ሳበው። ዕድሜውን ሙሉ የሰደበው ስፌት እንደ ቅቤ ለቀቀ፤ በሌላኛውም በኩል እንደዚሁ። ጨርቁም ረጅም፣ ሰፊ፣ ሙሉ ሆኖ በእጁ ላይ ተዘረጋ። አንድም የጎደለ ጥግ አልነበረውም።

እማማ ኦሪን ነጥቀውት ልጅቷን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠቀለሏትና ከእናቷ ደረት ላይ አኖሯት። ከቆይታ በኋላ ከንፈሯ ቀላ፤ አለቀሰችም። ጨው ነጋዴውም አብሯት አለቀሰ።

«የማን እጅ ነው ይሄ?» አለ ነጋዴው ጨርቁን እየነካ።

«የእናቴ።»

«እግዜር ይስጥልኝ በላት። ለኦፉኩሮህ ዕድሜ ይስጣት!» አለ። ወደ ሚስቱም ዞረና ቃሉን ደገመው፤ «አንቺም እኮ ከዛሬ ጀምሮ ኦፉኩሮ ነሽ» አላት። እሷም ድካሟ ሳይለቃት ፈገግ አለች።

በዚያ ቤት ማንም በቃሉ አልሣቀም። ሰይጂሮ የጨርቁን መታጠፍ አየ። የልጅቷን ትንሽ ክርን፣ ጉልበቷን፣ ክብ ራሷን ይዞ እሷኑ መስሏል። ቅድም ዱባ መስሎ ነበር። ሰዎች፣ የመጣውን ሁሉ በልኩ የምትይዘውን እናት፣ ለምን በከረጢት ስም እንደሚጠሩ ያን ጊዜ ገባው፤ በልጅነቱ የተደባደባቸው ልጆች ሁሉ ሳያውቁት ትልቅ ነገር ሲነግሩት ኖረዋል። ዱባውን እማማ ኦሪን ለአራሷ ቀቀሉት።

ሰይጂሮ ቤቱ ሲደርስ ቶሴ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። በእግሩ ኮቴ ለዩት። እጃቸውን ዘርግተው ቦርሳውን ዳሰሱ፤ ርጥበቱ ገና አልለቀቀውም።

«የኔዋስ?» አሉ።

«ሰው አለባት» አለ ሰይጂሮ። ከዚያም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው፤ የኪሶቹን ጉራ፣ የዱባውን እፍረት፣ ቋጠሮዋን በጥርሱ መበጠሱን። ቶሴ ስለ ዱባው ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ስለ ልጅቷ ሲሰሙ ግን ጉልበታቸውን ማሻሸት ጀመሩ።

«አያቴ ቋጠሮዋን አንድ ብቻ ያደረገችው ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም ነበር» አሉ። «እኔም አልጠየቅኋትም። ሰው ሲቸግረው ይፍታት ብላ ይሆናል።» ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «ቦርሳህም ጥሩ ቦርሳ ነው፤ ለሚፈልገው ስፋለት። ግን ፍርዱን ላንተ ሰጥቼ ነበርና ንገረኝ፤ የቷ ትሻላለች?»

ሰይጂሮ «እናቴ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ሌላው ቃል ለዓመታት አፉ ውስጥ ተዘግቶበት ነበር።

«ኦፉኩሮ» አለ።

ቶሴ የደከመ ዐይናቸውን ወደ እሱ መለሱ። ጆሯቸውን አላመኑም።

«ከረጢቷን ነው፣ እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

ቶሴ ጉንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና የመርፌ ማስቀመጫቸውን ወደ እሱ ገፉለት። ሰይጂሮ ክሩን በመርፌው ዐይን አሳለፈ፤ አዲስ ጨርቅ አወረደ፤ መቀሱን ግን አላነሳም። ስፌቱ ሲያልቅ አንዲት ቋጠሮ ብቻ አሰረ።

ወዳጆቼ፣ ሰይጂሮ ቦርሳውን የሠራው ለሚያውቀው ዕቃ ነበር፤ ለሚያውቀውም ዕቃ እንከን አልነበረውም። ከእሱ በፊት የነበሩት እናቶች ግን ከረጢቷን የሠሩት ለማያውቁት ነገር ነው፣ ገና ላልበቀለው ዱባ፣ ገና ላልተወለደችው ልጅ። በጃፓን አገር እንዲህ ያለ ከረጢት የሚሰፉና የሚይዙ ሰዎች ዛሬም አሉ። ዘመን አልፎባት የማታረጅበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። ጥሩ ሥራ ለታሰበው ነገር ልክ ይሆናል። ዘመን የሚሻገር ሥራ ደግሞ ላልታሰበው ቦታ ይተዋል፤ ሰው ሲቸግረውም እሺ ብሎ ይፈታል። ሰውም እንደዚሁ ነው።

እርስዎስ? ልብዎ በኪስ በኪስ የተሸነሸነ ነው፣ ወይስ ማንም ሳይጠብቀው ዱባ ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚሆን ቦታ አለው? ደግሞስ እናትዎን በሚወዱት ስም ከጠሯቸው ስንት ጊዜ ሆነዎት?