አበቦቹ የጠፉበት አምባር

በአንዲት የጥንት የነጋዴዎች ከተማ ሸይኽ ሙሕየዲን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ሰው ለገዛ ቤቱ ያላመነውን ዕቃ ለእሳቸው ሳጥን ያምን ነበር። ጎረቤታቸው ሰፊያም ልትሞት ስትል የብር አምባሯን ሰጥታ፣ «ልጄ ሩቅያ ኒካሕ ስታስር አድርሱልኝ፤ አማና ነው፣ አደራ» አለቻቸው። በአምባሩ ዙሪያ ትናንሽ አበቦች ተቀርጸዋል። ሕፃኗ ሩቅያ ከእናቷ የምታስታውሰው ቢኖር እነዚያን አበቦች በጣቷ መዳበሷን ነው።

ሸይኹ አማናን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁ ነበር። ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ፣ አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት ቁልፍ ሳጥኑን ከፍተው አምባሩን በመስኮቱ ብርሃን ያገላብጡታል። ጥጥ ያሳልፉበታል፤ ጥጡን ከያዘው የተሰበረ ጠርዝ አለ ማለት ነው። ማያያዣው ላልቶ እንደሆነ ለማወቅ ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ ያደርጉታል። ስንጥቅ ከጥቁረቱ ሥር እንዳይሰወርባቸውም በአመድና በጨርቅ ፈትገው ያጸዱታል።

አንድ ጁምዓ አንዲት አበባ ደብዝዛ አዩ። ከወራት በኋላ ደግሞ ሌላዋ ጭርሱን የለችም። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ከአንገታቸው አልወረደም። አገላብጠው ሲጨርሱ አምባሩ በእጃቸው ይሞቃል፣ ገና አሁን ከሰው ክንድ የወጣ ይመስል። ሸይኹ ፈሩ። አየተል ኩርሲን፣ የመጠበቂያውን የቁርኣን አንቀጽ፣ ቀሩበት፤ አበቦቹ ግን መጥፋታቸውን አልተዉም። ጎረቤቱም፣ «ሟቿ እየመጣች ታጠልቀዋለች» እያለ ያንሾካሽክ ጀመር።

ከሙት ይልቅ ሕያውን መጠርጠር ይቀላልና፣ የሸይኹ ዓይን ባለቤታቸው ዘሐራ ላይ አረፈ። ሠርግ ሄዳ በተመለሰች ቁጥር ክንዷን ያዩ ነበር። የሩቅያ ኒካሕ ሲቃረብ አንድም አበባ አልቀረም።

«ዘሐራ፣ አማናውን አጥልቀሽው ታውቂያለሽ?» አሏት።

ዘሐራ ተነሥታ አምባሩን የሚፈትጉበትን ጨርቅ አመጣችና ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው።

«አንቱ ሸኹ፣ ይኸን በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ። ጥቁሩ አልለቅ ብሎኛል። እስቲ ወደ ብርሃኑ ያዙት።»

ያዙት። ከጨርቁ ድር ውስጥ የብር ብናኝ ብልጭ ብልጭ ይላል። አምባሩን በዚያ ጨርቅ ከእሳቸው በቀር ማንም ፈትጎት አያውቅም ነበር።

አምባሩን ይዘው ቢሄዱ አንጥረኛው ጠሃ፣ «አበቦቹን መልሼ እቀርጻቸዋለሁ፤ ማንም አያውቅም» አላቸው።

«አላህ ያውቃል» አሉት። «ደግሞም ያንተ አበቦች የእናቷ አይደሉም።»

ሩቅያ ፊት ልሙጡን አምባር፣ ከጎኑም ለካሣ ያሠሩትን አዲስ አምባር አስቀመጡ። «ልጄ፣ እጠብቃለሁ ብዬ ፈትጌ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አፉ በይኝ።»

ልጅቱ ልሙጡን አንሥታ ውስጡን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «ውስጡንስ ፈትገውታል?»

«አይታይም ብዬ ትቼዋለሁ።»

«እንግዲያው የእናቴ ክንድ ያለሰለሰው አልተነካም» አለች። እያለቀሰች አጠለቀችው።

ከዚያ ወዲህ ሸይኹ ስለ አማና አጠባበቅ ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ «ሌባ ስፈልግ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር» ይሉ ነበር። ሌላ አይጨምሩም።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚያስፈራኝ የብሩ ማለቅ አይደለም። ወስዋስ፣ ያ የልብ ጉትጎታ፣ ወደ እኛ ሲመጣ ዒባዳ፣ የአላህ አምልኮ፣ መስሎ ነው የሚመጣው፤ ሌላውን ስንመረምር የገዛ እጃችንን ማየት እንረሳለን። ለብሩ ካሣ ተገኘለት። ዘሐራን በጥርጣሬ ላዩባቸው ጁምዓዎች ግን ምን ይካሳል? አፉ በይኝ አሏት፤ አፉ አለቻቸው። ጨርቁን ግን ዳግመኛ አላጠበችውም። እንደጠቆረ ከባዶው ሳጥን በላይ ሰቀለችው።