አህያዋ ለአንበሳ የሰጠችው ቃል

አንድ ጊዜ ጅብ አህያን አንበሳ ዘንድ ከሰሳት። ባለፈው በጋ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ሳለ ጎትቼ አውጥቻታለሁ፣ እሷም በምላሹ ውርንጭላዋን ልትሰጠኝ ቃል ገብታልኛለች አለ። ውሸት ነበር። አህያ ከጉድጓዱ የወጣችው ግማሽ ቀን ስትፍጨረጨር ውላ፣ በራሷ ጉልበት ነው። አያ ጅቦ ግን አፋፉ ላይ ተቀምጦ መሞቷን ሲጠባበቅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት፣ ሰላምታ እንኳ ሰጥታት የማታውቅ ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ለውርንጭላዋ አዝና ልትመክራት እንደመጣች ነገረቻት።

«አንበሳ ድርቅ ያለ ተከራካሪ አይወድም» አለች። «ግራ እግርሽ በድንጋይ ተይዞ አልነበር? ‹ሕመሙ አደንዝዞኝ ማን እንዳወጣኝ አላስታውስም› በይው። ያዝንልሻል።»

አህያ ጆሮዋን አቆመች። እግሯ በድንጋይ መያዙን ያየው ጅብ ብቻ ነው፤ ታዲያ ቀበሮ ከማን ሰማች? ደግሞስ አላስታውስም ካለች የሚቀረው የጅብ ቃል ብቻ አይደለም? አመስግናት አለፈች።

ችሎት ቀርባ የሆነውን ተናገረች። አንበሳ ፊቱን አጥቁሮ ደግሞ ጠየቃት፤ ያንኑ ደገመች። በሦስተኛው አገሳባት፤ ብትዋሽ እሷንም ከውርንጭላዋ ጋር ለጅብ እንደሚሰጣት ነገራት። ዞር ስትል ቀበሮ ከተሰበሰቡት መሃል ሆና «በይው እንጂ» በሚል ዓይነት ራሷን ትነቀንቃለች። አህያ ይህን ስታይ ጥርጣሬዋ ቁርጥ ሆነ፤ ቀና ብላ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ። ቃሌ ግን ያው ነው። በራሴ ወጣሁ፤ ለማንም ቃል አልገባሁም።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። በምኗ ይዞ እንደጎተታት ሲጠይቀው በጅራቷ አለ። ቆይቶ ደግሞ ሲጠይቀው በጆሮዋ አለ። ምን ቃል እንደገባችለት ሲጠየቅ የአህያዋን ወፍራም ታፋ አየና ምራቁን ዋጠ።

«ውርንጭላዋን» አለ። «እሷንም ጭምር።»

«ክስህ ላይ እሷ የለችም» አለ አንበሳ በቀስታ።

«ቀበሮ ያስጠናችኝ ተምታታብኝ» አለ ጅብ።

ሁሉም ወደ ቀበሮ ሲዞሩ ቦታዋ ባዶ ነበር። አንበሳ ለአህያ ፈረደላት፤ ጅብም በግጦሿ አጠገብ ዝር እንዳይል አዘዘ። እሷም ውርንጭላዋን አስቀድማ፣ በየጥሻው ዓይኗን እየጣለች ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው እውነት ይዞ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው፣ ቁጣም ሆነ ሳይጠይቅ የመጣለት ምክር ቃሉን ሊያስለውጠው እንደማይገባ ነው።