አያ ጅቦና ባዶው ጋሪ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። እዚያ የምትንሾካሾኩትም ዝም በሉ፤ እኔ አንድን ነገር ሁለቴ አልናገርም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አፍ ብቻ ሳይሆን ጋሪም በነበረው ዘመን፣ ስሙን በማላውቀው አገር አንዲት እመት ሚዳቋ ነበረች። ባሏን ነብር ከበላባት ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ጌሾ ሸጣ ነው። ቅጠሉን በትንሽ ጋሪዋ ትከምርና እየጎተተች ገበያ ታወርደዋለች። ጎረቤቷ አያ ጅቦ ደግሞ ትልቅ ጋሪ አለው፤ የሚነግደውም የወፍጮ ድንጋይ ነው። የእሱ ጋሪ ባለፈበት ጉድጓድ ጥጃ ቢገባ አይወጣም።

ታዲያ ክረምቱ አልፎ ሲታይ የገበያው መንገድ መንገድነቱ ቀርቷል። ንጉሡ አንበሳ ባለጋሪውን ሁሉ ሰበሰበና፣ "ጉድጓዱ በድንጋይ ይሞላል፤ ድንጋዩን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። እንዴት ትካፈሉታላችሁ?" አለ።

አያ ጅቦ ማንም ሳይቀድመው ብድግ አለ። "ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ምን ያከራክራል? እኩል ነዋ። ጋሪ ያው ጋሪ ነው።"

ጥንቸልም ጃርትም ፈሩትና፣ "አዎ፣ ጋሪ ያው ጋሪ ነው" አሉ። በዚህ ተወሰነ። ድርሻውን ያላመጣ ጋሪው ይወረሳል ተባለ።

እመት ሚዳቋ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። በእነዚያ ቀጫጭን እግሮቿ ያን ሁሉ ድንጋይ መጎተት አትችልም። ካልጎተተች ጋሪው ሊሄድ ነው፤ ጋሪው ከሄደ ልጆቿ ምን ሊበሉ ነው? አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ተነሥታ ንጉሡ ዘንድ ሄደች። ችግር ያስደፍራል ልጆቼ።

"ንጉሥ ሆይ፣ አላመጣም አላልኩም፤ በመንገዱ እኔም እሄድበታለሁ" አለች። "ግን መንገዱን ራሱን ይጠይቁልኝ። ሁላችንም እንደ ገበያ ቀን ጭነን በጭቃው ላይ እንለፍ። ዱካው የጠለቀ ብዙ ይሙላ፣ ያልጠለቀ ትንሽ ይሙላ።"

አንበሳ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና፣ "ይህስ ደግ ነገር ነው" ብሎ ቀን ቆረጠ።

ቀኑ ደረሰ። ጃርት ድንቹን፣ ጥንቸል ጎመኑን ጭነው መጡ። አያ ጅቦስ? ባዶ ጋሪ እየጎተተ፣ እያፏጨ መጣ።

"የወፍጮ ድንጋዩስ?" ቢሉት፣

"የምን ድንጋይ? እኔ እኮ አርጅቻለሁ፣ ንግድ ትቻለሁ። ጋሪውን ነፋስ ላስመታው ብዬ ነው" አላቸው። አይ ዓይን አውጣ!

ባዶው ጋሪ ጭቃውን እንደ ነገሩ ጫር አድርጎ አለፈ። የእመት ሚዳቋ የጌሾ ጋሪ ዱካ ከዚያ ጠልቆ ተገኘ። በገዛ ምክሯ ከአያ ጅቦ አብልጣ ልትከፍል ነው።

አያ ጅቦም ጥርሱን እያሳያት፣ "ጋሪ ያው ጋሪ ነው ብዬሽ አልነበረም፣ እሜቴ?" አላት።

ይሄኔ ተናደደች፤ ንዴቱም አፏን ፈታላት። "ንጉሥ ሆይ፣ እሺ፣ እንደ ዱካችን እንክፈል። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርልኝ። ዛሬ በጋሪው ላይ የታየው ጭነት የዓመቱ ጭነት ይሁን። ከዛሬው አብልጦ የጫነ በመንገዱ አይለፍ።"

ንጉሡ ሳቅ አፈነውና "ይሁን" አለ። አያ ጅቦም "ይሁን" አለ። መቼም ጅብ የነገ ነገር አይታየውም።

የገበያ ዕለት አያ ጅቦ የወፍጮ ድንጋዩን ቆልሎ ሲመጣ ዘበኛው ከርከሮ መንገዱ ላይ ቆሟል።

"አያ ጅቦ፣ የዓመቱ ጭነትህ ምን ነበር?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ምንም ጭነህ እለፍ።"

ድንጋዩን አራግፎ ባዶ ጋሪ ይዞ ገበያ ዋለ። ከባዶ ጋሪ ማን ምን ይገዛል? በሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሆዱ ከጀርባው ሲጣበቅ ጆሮውን ጥሎ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

"ንጉሥ ሆይ፣ ጋሪ ያው ጋሪ አይደለም። እንደገና ይለኩኝ" አለ።

ድንጋዩን ጭኖ በጭቃው ቢያልፍ ዱካው እስከ ጉልበት ገባ። እያቃሰተ ድርሻውን ሲያጓጉዝ ሰነበተ። እመት ሚዳቋ ግን የእሷን ከምሳ በፊት ሞልታ ወደ ጌሾዋ ተመለሰች። መንገዱም አማረ፤ ልጆቿም ጠገቡ። አያ ጅቦ ራሱ እንኳ በደልዳላው መንገድ ሲወርድ ደስ ብሎት ያፏጭ ነበር ይላሉ።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለሚሰማችሁ ንገሩ። ለዚህ ነው እንዲህ የሚባለው፦ ጭነቱን የደበቀ፣ ከገበያው ራቀ።