ጭረት ያልነካው ሄልሜት

አንድ ቀን ሐዋሳ በሚገኝ ወርክሾፕ ውስጥ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት የሚመርጥ ኮሚቴ ተቀመጠ። የተመረጠውን የከተማው ሞተረኛ ሁሉ ወደደም ጠላም ያጠልቀዋል። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ለአዋላጅ ምጥ ካላስተማርኩ የሚሉ ዓይነት ሰው። የቀረቡት ሄልሜቶች ሁለት ሲሆኑ አንዱን የነደፉት ራሳቸው ናቸው። ዳኛም እሳቸው፣ ተወዳዳሪም እሳቸው!

ሁለተኛውን የሠራው ቴክኒሻኑ ጥላዬ ነው። ጥላዬ ራሱ ሞተረኛ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚመረጠው ነገር ነገ በገዛ አናቱ ላይ እንደሚወጣ ያውቃል። እናም በስሪዲ ፕሪንተር ፕላስቲኩን ክር በክር እየደረበ፣ ውስጡን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ አትሞታል። ሲያነሱት ቅልል ይላል።

አቶ ልሳነወርቅ አገላብጠው አዩትና፣ «አንተ ጥላዬ፣ ይኼ ወንፊት ነው ሄልሜት?» አሉ።

ኮሚቴው ሳቀ። አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ ኮሚቴ ገና አልተወለደም።

«ጌታዬ፣ ሲወድቅ ውስጡ እየተጨማደደ ምቱን ራሱ ይበላዋል። ጭንቅላት ጋ አይደርስም።»

«የሚጨማደድማ ልፍስፍስ ነው! የኔን ተመልከት፤ ድፍን ነው፣ አለት!»

ክርክሩ አላልቅ ሲል በየሄልሜቱ ውስጥ በጭንቅላት ፋንታ አንዳንድ ሐብሐብ ጥብቅ አድርገው አሰሩና ከሦስተኛ ፎቅ ለቀቋቸው። ኮሚቴው እየተጋፋ ወረደ። የጥላዬ ሄልሜት መኪና የሄደበት ጣሳ መስሏል፤ ሐብሐቡ ግን ደህና ነው። የአቶ ልሳነወርቅ ሄልሜት ንቅንቅ አላለም፤ ከሥሩ ግን ቀይ ውሃ ይንዠቀዠቃል።

አቶ ልሳነወርቅ ሄልሜታቸውን በመሐረብ ጠራርገው ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይኸው! ጭረት እንኳ የለበትም! አሸንፏል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ!»

ጥላዬ ኮፍያውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ፣ ከዳር ጀምሮ የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ እየጨበጠ «እግዜር ያጥናችሁ... እግዜር ያጥናችሁ...» ይል ጀመር። አቶ ልሳነወርቅ ጋ ሲደርስ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና፣ «እግዜር ያጥናዎ» አላቸው።

አቶ ልሳነወርቅ ደነገጡ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ባለ ሄልሜቱ ነዋ፣ ጌታዬ! ሄልሜቱ ግን እግዜር ይመስገን ተርፏል፤ እንግዲህ ልጆቹን እሱ ያሳድግልን።»