የታነቀችው ድመትና እንቅልፍ የሞላበት ቅል

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

የዛሬው ተረት መሰረቱ ጉርሻ ነው። ጉርሻ ማለት አንዱ በእጁ ጠቅልሎ በሌላው አፍ የሚያስገባው ምግብ ነው። መጠኑን የሚወስነው የአጉራሹ ፍቅር እንጂ የጎራሹ ጉሮሮ አይደለም።

በድሮ ጊዜ፣ ጉም በማይለየው ተራራ ላይ አንድ ጭራቅ ነበረ። ከተራራው ሥር ያለውን መንደር እንቅልፍ ሁሉ ሰርቆ በቅል ውስጥ ከተተው። ቅሉን ከብብቱ አይለይም፤ ሲያወዛውዘው ከውስጡ የሕፃናት ማንኮራፋት ይሰማል። በመንደሩ ዶሮዎች እንኳ ቆመው ያፈጣሉ። አጸደ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፤ ጨቅላ ልጇ እንቅልፍ ካጣ ወዲህ ጡት እንቢ እያለ ከሳ። አጸደም ልጇን ለእናቷ ትታ፣ ጉሙን በእጇ እየገለጠች ወደ ጭራቁ ወጣች።

ስትደርስ ጭራቁ ያለቅሳል። ጥጤ የምትባል ድመት አለችው፤ ከዓለም የሚወደው እሷን ነው። ቀደም ብሎ ሥጋ አጎረሳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ደገማት። ሁለተኛው የእንቁላል ያህል ነበር፤ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ጥጤ አፏን ከፍታ ትታገላለች፤ ድምፅ ግን የላትም።

የጭራቁ አማካሪ እንስሳት ተሰበሰቡ። አህያ ውሃ ትጠጣ አለ። ዝንጀሮ ቅቤ ትዋጥ፣ ያንሸራትተዋል አለ። ጅብ ትንሽ እንጠብቅ አለ። ጭራቁ ግን ያኛውን ይገፋዋል ብሎ በአንድ እጁ ሦስተኛ ጉርሻ ጠቅልሏል።

«ይተዉ ጌታዬ» አለች አጸደ። «በላዩ ከጨመሩበት ትሞትብዎታለች።»

«እሷ ከሞተች፣ አንቺ ሴትዮ፣ ቅሉን ገደል እሰደዋለሁ። ከእንግዲህ ማንም አይተኛም።»

አጸደ ውሻም ፍየልም ሲታነቅ እናቷ የምታደርገውን እያየች አድጋለች። የታነቀ እንስሳ ወዳጁንም ይቧጭራል፤ ስለዚህ የጥጤን የፊት እግሮች በነጠላዋ ጠቀለለች። አፏን ከፍታ አየች። ጉርሻው ሩቅ ነው፤ በጣት ቢነካ ይብስ ይገባል።

«በኋላ እግሮቿ ይዘው ቁልቁል ያንጠልጥሏት» አለች። «በሁለት እጅ ነው ታዲያ።»

ጭራቁ ቅሉን አየ። ድመቷን አየ። ቅሉን መሬት አስቀመጠ።

አጸደ ጥጤን በትከሻዎቿ መካከል በመዳፏ መታቻት። ምንም የለም። ደገመቻት። ጥጤ ተንዘፈዘፈች። በሦስተኛው ምት ጉርሻው ወጥቶ ጅቡ እግር ሥር ወደቀ፤ ጅቡም ቅር እያለው ዋጠው። ጥጤ ትንፋሿን ሳበች፤ ቀጥላ «ሚያው» አለች።

ጭራቁ ድመቷን አቅፎ ሲስም፣ አጸደ ከጥጤ እግር በፈታችው ነጠላ አፍንጫዋን ሸፍና የቅሉን ውታፍ ነቀለች። እንቅልፉ እንደ ነጭ ጉም ተነነ። መጀመሪያ ጭራቁን አገኘው፤ ቀጥሎ አማካሪዎቹን። ከዚያ ቀስ እያለ ቁልቁል ወረደ። አጸደ ተከትላው ቤቷ ስትደርስ፣ ልጇ በአያቱ ጭን ላይ ያንኮራፋል።

ልጆች፣ የሚወዱትን እንስሳ ለማዳን ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ሲታመም ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደማይደረግም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦው ግን ትንሽ ይሁን።

ጭራቁ እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው። ጥጤ ሆዱ ላይ ትውላለች። ጉርሻ አትቀበልም።