ከመሬት የሚነሳው የዶቅማ በር መጥረጊያ

ዶቅማ በር ከተማ፣ ከገበያው መግቢያ ላይ፣ የእነ ዘርትሁን ቤት የሚባል የመጥረጊያና የመወልወያ መሸጫ አለ። ዛሬ ሱቁን የያዙት ወይዘሮ ባንቺአምላክ ለዚያ ቤት ሰባተኛ ትውልድ ናቸው ይባላል። ከደጋ የሚወርደው የጓሳ ሣር መጥረጊያ፣ ለግቢ የሚሆነው የክትክታ መጥረጊያ፣ በቅርቡም ከፋብሪካ የመጣው ባለ ፕላስቲክ እጀታና የክር መወልወያ ሁሉም በዚያ ይገኛል፤ ነገር ግን ከዚያ ቤት መጥረጊያ ከእጅ ወደ እጅ ተቀብሎ የወጣ ሰው የለም። ሻጯ የተመረጠውን መጥረጊያ ደጃፉ ላይ መሬት ታኖረዋለች፣ ገዢው ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል። ዳኛም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ ሙሽራም ብትሆን ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ለአገሩ አዲስ የሆነ ሹም «ምን ዓይነት ንቀት ነው ይሄ? በእጄ ስጪኝ እንጂ!» ብሎ ቢቆጣ፣ ወይዘሮ ባንቺአምላክ ቀና እንኳ ሳይሉ «ንቀቱ የኛ አይደለም ጌታዬ፣ ከናንተው ነው የወረስነው» አሉት ይባላል። ሹሙ አልገባውም። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ያውቁታል፤ ሲያወሩትም አፋቸውን እንደመረራቸው ያስታውቃል።

እንደሚነገረው ከሆነ ዶቅማ በርን ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል ሰው ይገዛ በነበረበት ዘመን፣ መጥረጊያ ሠሪዎቹ ከገበያው በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ጓሳውን ከደጋ አጭደው፣ በጀርባቸው አውርደው፣ አድርቀውና በልጥ አስረው ለከተማው ሁሉ መጥረጊያ የሚያቀርቡ እነሱ ነበሩ፤ ከተማው ግን «እጃቸው እድፍ ነው» ብሎ ይጸየፋቸው ነበር። በገበያ ቀን ሻጩ መጥረጊያውን መሬት አኑሮ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ገዢው እፍኝ ገብስ ወርውሮለት፣ መጥረጊያውን በበትሩ ጫፍ ገልብጦ፣ ውሃ ረጭቶበት፣ ከዚያ በሎሌው ያስነሳዋል። መጥረጊያ ከእጅ አለመቀበል ያን ጊዜ የገዢው መጸየፍ ነበር። የራሱን ቤት አቧራ የሚያነሳለትን ነገር የሠራ እጅ እንዳይነካው ይሸሻል። ሰው ሲባል እንዲህ ነው።

ከመጥረጊያ ሠሪዎቹ ሁሉ ሽማግሌው አያ ቢተው የሚባሉ ነበሩ። ዘርትሁን ሴት ልጃቸው ናት፤ ማንደፍሮ የሚባል ባልና ሁለት ልጆች ነበሯት። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያስሩ፣ የሳቸው ቋጠሮ ከሷ ቋጠሮ አይለይም ነበር ይላሉ።

በአንድ ነሐሴ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ባላምባራስ ጓንጉል ለአባቱ ተዝካር አርባ በሬ አረደ። አራት ቀን ሙሉ ተበላ፣ ተጠጣ። ይህን ክፍል የሚያወሩ ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ ምራቃቸውን ዋጥ ያደርጋሉ፤ ምክንያቱም የአርባ በሬ ፈርስ፣ አንጀት፣ ደምና ሰኮና የተጣለው ሌላ ቦታ አልነበረም፣ ከባላምባራሱ ደጅ ጀምሮ እስከ ምንጩ መውረጃ ድረስ ገበያው ላይ ነው። በላዩ የጠላ አተላ ፈሰሰበት። በዚያም ላይ ዝናቡ ወርዶ ሁሉንም አንድ ላይ ለወሰው። በሦስተኛው ቀን ነጭ ትል አንጀቱን ሞልቶት፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው አንጀቱ በሕይወት ያለ ይመስለው ነበር ይባላል። ዝንቡ አፍ ለመክፈት አያስችልም። ውሻው ሁሉ በልቶ በልቶ፣ ያስመልስና ያስመለሰውን ደግሞ ይበላል። ያም ሁሉ ወደ ምንጩ ይወርድ ነበር፤ የከተማው ሰው ደግሞ አፍንጫውን ይዞ ከዚያው ይቀዳል። በሳምንቱ የሕፃናት ተቅማጥና ትውከት ጀመረ።

ያኔ የባላምባራሱ አጋፋሪ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረደና ከሩቅ ቆሞ ተጣራ።

«ባላምባራስ ‹ቆሻሻን ቆሻሻ ያንሳው› ብለዋል! ነገ ማለዳ ሁላችሁም ትወጣላችሁ!»

ዘርትሁን ደሟ ፈላ። «አባዬ፣ እኛ ሸያጮች ነን እንጂ የማንም ገረድ አይደለንም። የበላው ያንሳው። እምቢ እንበል።»

አያ ቢተው የክትክታ መጥረጊያ ማሰር ጀምረው ነበር። «እሱን ብዬ አይደለም የምወጣው» አሏት። «ከዚያ ውሃ ልጆች ይጠጣሉ፣ ልጄ። ያንቺም፣ የነሱም።»

ስድስት ቀን ጠረጉ። የክትክታው መጥረጊያ በግማሽ ቀን እየበሰበሰ ሌላ ይታሰራል። እስከ ጉልበታቸው ገብተው እየጎተቱ ወደ ገደሉ ይሰዳሉ፤ ሽታው ከጸጉራቸው፣ ከጥፍራቸው ሥር፣ ከሚበሉት ቂጣ አይወጣም። በአራተኛው ቀን ዘርትሁን ከፈርሱ ሥር ስምንት መሶብ የሚሆን እንጀራ አገኘች፤ ማንም ሳይነካው ተደፍቶ፣ ሻግቶ፣ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ። ልጆቿ በዚያ ሰሞን የሚያድሩት የቆላችላቸውን በቆሎ በልተው ነበር። እንጀራውን በመጥረጊያዋ ስትገፋው አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለችም ይባላል፤ ከድካም ነው የሚል አለ፣ ከንዴት ነው የሚል ይበዛል። ባላምባራስ ጓንጉል ደግሞ ከሰገነቱ ላይ የጋቢውን ጫፍ አፍንጫው ላይ አድርጎ ቁልቁል ያያል።

«እንዴት አያቅለሸልሻቸውም?» ይላል ለእንግዶቹ። «ፍጥረታቸው ነው መሰለኝ።» እንግዶቹም ይስቃሉ።

በስድስተኛው ቀን ማታ ደጁ ጠራ። ባላምባራሱም ዋጋቸው ይሁን ብሎ ከተዝካሩ የተረፈ ሥጋ ላከ፤ ሎሌው ቀርቦ መስጠቱን ተጸይፎ ከሩቅ ወርውሮት ሄደ። ሥጋው ዘርትሁን እግር ሥር ወደቀ፣ ዳሩ ጠቁሯል። ያን ጊዜ ስድስት ቀን ሙሉ የቻለችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ እዚያው ተንበርክካ እስክትደክም አስመለሳት። ከዚያ ቀን ወዲያ እስክትሞት ድረስ ሥጋ የሚባል አልቀመሰችም።

አያ ቢተው ግን በዚያው ተኝተው ቀሩ። በሽታው ከሚጠርጉት ላይ ገብቶባቸው ነበርና በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ዘርትሁንና ማንደፍሮ ሬሳውን በቃሬዛ አድርገው ወደ ደብሩ ይዘው ወጡ። ከተማው ከንፈሩን እየመጠጠ ወጥቶ ያይ ነበር፤ ቃሬዛውን ለመያዝ ግን አንድ ሰው አልቀረበም። የደብሩ አለቃ በሩ ላይ ቆመው መጥረጊያ ሠሪ ከግንቡ ውጭ እንጂ ከውስጥ ተቀብሮ እንደማያውቅ ተናገሩ። ማንደፍሮ «እባካችሁ፣ ውሃችሁን ያጠሩ ሰው ናቸው፤ ቢያንስ ጉድጓዱን ቆፍሩልን» ብሎ ቢለምን፣ ልጇ በተቅማጡ ታሞ የዳነላት አንዲት ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «ኧረ ራቅ አድርጉት፣ ሬሳው ይሸታል!» አለች።

ዘርትሁን ቃሬዛውን እንደተሸከመች ዞር አለችና «የሚሸታችሁ አባቴ አይደለም» አለች። «የሚሸታችሁ የራሳችሁ ድግስ ነው። አባቴ ላይ ያያችሁት የናንተን ነው።»

አያ ቢተውን ባልና ሚስቱ ራሳቸው ከግንቡ ውጭ፣ ክትክታው መሐል ቆፍረው ቀበሯቸው። በማግስቱም መጥረጊያ ሠሪዎቹ ሁሉ ልጆቻቸውንና የመሸከሚያ ጠፍራቸውን ይዘው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ጓሳው ወደሚበቅልበት ደጋ ወጡ።

መስከረም ጠባ። የመስቀል በሬ ታረደ፤ ፈርሱም እንደልማዱ ደጅ ላይ ተደፋ። አሁን ግን የሚያነሳ አልነበረም። ባላምባራሱ ሎሌዎቹን ቢያዝ «እኛ ጠራጊዎች ነን እንዴ?» አሉ። ሎሌዎቹ ለገበሬዎቹ ቢነግሩ እነሱም ያንኑ መለሱ። ከባለጠጋው እስከ ለማኙ፣ በገዛ ራሱ እዳሪ መሐል እየተራመደ፣ ክብሩ ግን እንዳይነካበት የሚጠነቀቅ ሕዝብ ሆነ። ከሁሉ የሚያስጠላው ይህ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ትሉስ ትል ነው፣ የተፈጠረበትን ይሠራል። ሽታው በየቤቱ ገባ፣ እንቅልፍ ነሳ፣ የተጋገረው ሁሉ እሱን እሱን አለ። ተቅማጡ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከገበያው አልፎ ግቢውን ደፈረና የባላምባራስ ጓንጉልን ታናሽ ልጅ በሁለት ቀን ወሰደው። ሌላይቱም ልጁ ተኛች።

ባላምባራሱ በበቅሎ ተቀምጦ፣ ሎሌዎቹን አስከትሎ ደጋ ወጣ። ዘርትሁንን ጓሳ ስታጭድ አገኛት።

«ዘርትሁን» አላት። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። «ሰዎችሽን ይዘሽ ውረጂልኝ። ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት እሰጥሻለሁ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

«ስለ ልጅዎ እግዜር ያጽናዎት» አለችው። «የታመመችውንም ይማርልዎት፤ ልጅ ምን አጠፋ። ግን የሚጠርግልዎ ሰው የለኝም። ሙያዬ መጥረጊያ ነው፣ የምሸጠውም እሱን ነው።»

«እሺ፣ መጥረጊያውን ስጪኝ» ብሎ ከበቅሎው ላይ እጁን ዘረጋ።

ያ እጅ ወደ መጥረጊያ ሠሪ ተዘርግቶ አያውቅም ነበር። ዘርትሁን አየችው። በቅቤ የወዛ፣ ሁለት የብር ቀለበት ያለበት፣ ጥፍሩ ንጹሕ የሆነ እጅ ነው። ከታሰሩት መጥረጊያዎች አንዱን አንስታ መሬት ላይ አኖረችና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ይህ እጅ የጋቢ ጫፍ ይዞ ሲስቅብን ስድስት ቀን አይቼዋለሁ። ከእጄ ጋር አላነካካውም» አለች። «ያቅለሸልሸኛል።»

ሎሌዎቹ ጎራዴያቸውን ያዙ። ባላምባራሱ ግን በእጁ ከልክሏቸው አንዱን ሎሌ «አንሳው» አለው።

«ሎሌ የሚያነሳው መጥረጊያ የለኝም» አለች ዘርትሁን። «የገዛ ደጁን የሚጠርግ ራሱ ያነሳዋል። አለዚያ ይተውት።»

ባላምባራስ ጓንጉል ከበቅሎው ወረደ። ጎንበስ ሲል ካባው ጭቃው ላይ ተጎተተ፣ ሎሌዎቹም የጌታቸውን ማጅራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ አዩት ይባላል። መጥረጊያውን ይዞ ወረደና ከገዛ ደጁ ጀመረ። ከተማው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሦስት ጊዜ ሳይጠርግ አስመለሰው፤ አፉን ጠርጎ ቀጠለ፣ ደግሞ አስመለሰው። ሚስቱ ወጥታ ከጎኑ ቆመች። ከዚያ በኋላ ሎሌዎቹ፣ ከዚያም ገበያተኛው፣ እያንዳንዱ ደጋ እየወጣ፣ ጎንበስ ብሎ መጥረጊያውን እያነሳ ተመለሰ። ደጁ ሲጠራ ምንጩም ጠራ፣ ልጅቱም ዳነች ይላሉ። አልዳነችም የሚሉም አሉ።

ዘርትሁን ወርዳ ከገበያው መግቢያ ላይ ቤት የሠራችው በቀጣዩ ዓመት ነው። ያን ጊዜ የከተማው ሽማግሌዎች ከደብሩ አለቃ ጋር ሆነው መጡና ይቅርታ ጠየቋት፤ ለካሳም የአያ ቢተውን አፅም አፍልሰው ከግንቡ ውስጥ፣ ከባላባቶቹ መቃብር ጎን ሊያኖሩት እንደቆረጡ ነገሯት።

ዘርትሁን የምታስረውን ጓሳ ሳትለቅ አዳመጠቻቸው።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አለች። «አባቴን ግን ከናንተ መሐል አላስተኛውም። ንጹሕ ሰው ነበር፤ ይጸየፋል።»

ዛሬም ወደ ደብሩ የሚወጣ ሰው ከግንቡ ውጭ፣ ከክትክታው መሐል፣ በተርታ የተደረደሩ መቃብሮችን ያያል። በውስጥ በኩል ለእነ ዘርትሁን ቤት ቦታ ከተፈቀደ ስንት ዘመኑ፤ ከዚያ ቤት ግን እስካሁን አንድ ሰው ገብቶ አልተቀበረም። ባለፈው ዓመት የወይዘሮ ባንቺአምላክ ባል ሲያርፉም ቃሬዛው በደብሩ በር አጠገብ አለፈና፣ ሳይቆም ወደ ክትክታው ሄደ።